ከለቡ የሚታዩት ሁለት እንጦጦዎች

ለቡ መብራት ኃይል፣ ታክሲ መያዣው ጋ ቆሜ ረዳቱን «ፉሪ የቱ ጋ ነው?» አልኩት። «ባቡር ጣቢያውን ነው ጋሼ? ወይስ ሀና ፉሪን?» እጄን ወደ ተራራው ዘረጋሁ። ዞር ብሎ አየውና ሳቀ። «እሱማ አንቴናው ነው!»

ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ተራራ ስሙን ለሰፈርና ለባቡር ጣቢያ አውርሶ ራሱ «አንቴናው» ሆኖ ቀርቷል። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የጅቡቲ ባቡር መነሻ «ፉሪ ለቡ» ይባላል። ፉሪን ፈልጎ የመጣ መንገደኛ ሻንጣውን ይዞ የሚወርደው ሜዳ ላይ ነው።

ከዚሁ ከለቡ ሆኖ ከዚህ የባሰ ጉድ ይታያል። በምዕራብ በኩል ወጨጫ፣ በሰሜን እንጦጦ። የቱ ነው እንጦጦ? ዛሬ ይህን የሚጠይቅ ሰው ያስቃል። በ1870ዎቹ ግን ጥያቄው የዋዛ አልነበረም። ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ ሳሉ፣ የጥንት ነገሥታት ከተማ ነበረች የምትባለውን እንጦጦን ሲያስፈልጉ መጀመሪያ የሰፈሩት ወጨጫ ላይ ነው። እንጦጦ የተባለውም ያ ቦታ ነበር። ጥቂት ቆይተው ወደ ሰሜኑ ተራራ፣ ወደ ድልድላ ተሻገሩ። ስሙም ከጓዙ ጋር ተጭኖ ተሻገረ። ድልድላ አዲሱ እንጦጦ ተባለ፤ ውሎ አድሮ «አዲሱ» ወለቀና እንጦጦ ብቻ ቀረ። ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ሆነው በእንጦጦ ማርያም ዘውድ ሲጭኑ ድልድላ የሚለው ስም ከሰው አፍ እየጠፋ ነበር። የዚያን ዘመን ደብዳቤ የሚያገላብጥ ሰው «እንጦጦ» የሚል ባገኘ ቁጥር መጀመሪያ ቀኑን ይመልከት፤ አለዚያ ጸሐፊውን በሰፈረበት ሳይሆን በሌላ ተራራ ላይ ይፈልገዋል።

ወጨጫ ራሱም ስም ያጣ ይመስል ሌላ ተደርቦበታል። የመናገሻ ሱባ ጫካ ያለው በወጨጫ ጎን ነው፤ መናገሻ የሚባለው ተራራ ደግሞ ከዚያ ወዲያ፣ በአምቦ መንገድ በኩል ለብቻው ቆሟል።

የዚህ ሁሉ ዳፋ የተረፈው ለበረራ ፈላጊዎች ነው። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ በቬኒስ ፍራ ማውሮ የተባለ መነኩሴ በሣለው የዓለም ካርታ ላይ በረራ የምትባል ከተማ አለች። መነኩሴው ስለ ሀገራችን የጻፈውን ያገኘው ከሀገሬው ሰዎች እንደሆነ ራሱ ይናገራል። አዋሽም ዝቋላም በካርታው ላይ አሉ። ዝቋላ ስሙን ጠብቆ የኖረ ተራራ በመሆኑ መልሕቅ ሆኗል፦ በረራን የሚፈልግ ሁሉ ከሱ ይነሣል። የአቦ ገዳም በአናቱ ባይኖር ኖሮ እሱም እንደ ሌሎቹ ባልጸና ነበር ባይ ነኝ።

ሃርትዊግ ብሬተርኒትዝና ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ጥናት ፍለጋውን በወጨጫና በየረር መካከል አጠበቡት። ለቡም እዚያው ክልል ውስጥ ነው። በዛሬው እንጦጦ ላይ ያለው ባለ አምስት ማዕዘን ምሽግ፣ ከነማማዎቹና ከነድንጋይ ግንቡ፣ ለብዙዎች የበረራ ምስክር ሆኗል። ከዚያ ወዲህ ክርክሩ ከምሁራን እጅ ወጥቶ አደባባይ ዋለ። «ከተማይቱ የማን ናት?» በሚለው ጠብ አንዱ በረራ ሲል ሌላው ፊንፊኔ ይላል። እኔን የሚገርመኝ ሁለቱም ወገን ተራራ መጥራታቸው ነው፤ ስሙን ለጎረቤቱ ሰጥቶ ዝም ያለን ተራራ ምን ብለው ያስመሰክሩታል?

ታክሲው ሊሞላ ሁለት ሰው ሲቀረው ረዳቱን እንደገና ፈተንኩት። ወደ ምዕራብ እያመለከትኩ፣ «ያኛውስ?»

«ያ? የሰበታ ተራራ ነዋ ጋሼ።»