ባለቤቶቻቸው የዘነጓቸው ፊልሞች

«ቻሬድ» ሲጀምር የሚወጣው ጽሑፍ የተሠራበትን ዓመት፣ የዩኒቨርሳልን ስምና መብቱ በሙሉ የተጠበቀ መሆኑን ይናገራል። «ኮፒራይት» የሚለው ቃልም ሆነ ምልክቱ ግን የለበትም። ፊልሙ በወጣበት በ1963 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የአሜሪካ ሕግ ለእንዲህ ያለ ጉድለት ምሕረት አልነበረውም። ኬሪ ግራንትና ኦድሪ ሄፕበርን የተወኑበት የስታንሊ ዶነን ሥራ ሲኒማ ቤት እንደገባ የሁሉም ሆነ።

እንዲህ ያለውን ፊልም እዚያ አገር ማንም ሰው ፈቃድ ሳይጠይቅና ሳይከፍል ሊያባዛው፣ አዳራሽ ተከራይቶ ሊያሳየው ይችላል። ፊልም እንዲህ ነጻ የሚወጣበት መደበኛው መንገድ ዕድሜ ነው፤ 95 ዓመት ይፈጃል። የሆሊውድ ወርቃማ ዘመን የሚባለው በአብዛኛው ከ1930ዎቹ እስከ 1950ዎቹ ያለው በመሆኑ ብዙዎቹ ፊልሞች ገና ናቸው። ቀድመው ነጻ የወጡት ባለቤቶቻቸው ስለዘነጓቸው ነው። በቀድሞው ሕግ መብቱ የሚጸናው ለ28 ዓመት ነበር፤ ባለቤቱ በጊዜው ካላሳደሰው ያከትም ነበር። ድርጅቱ ከፈረሰ ወይም ጉዳዩን የሚከታተል ከጠፋ መብቱም አብሮ ይቀር ነበር።

ከሁሉ የሚደንቀኝ የፍራንክ ካፕራ «ኢትስ ኤ ወንደርፉል ላይፍ» ዕጣ ነው። በ1946 ሲወጣ ወጪውን እንኳ አልሸፈነም። የአንዲት ትንሽ ከተማ ሰው ዕዳ አስጨንቆት በገና ዋዜማ ራሱን ሊያጠፋ ድልድይ ላይ ይቆማል፤ አንድ መልአክ መጥቶ እሱ ባይወለድ ኖሮ ከተማዋ ምን ትመስል እንደነበር ያሳየዋል። በ1974 የፊልሙን መብት ያሳደሰ አልተገኘም። የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ያለ ክፍያ ስላገኙት በየዓመቱ በገና ሰሞን ደጋግመው ያሳዩት ጀመር፤ ሲወጣ ያልተሻማለት ሕዝብ ሳሎኑ ተቀምጦ ወደደው። ፊልሙ ድሮም ግሩም ነበር፤ ሰው ዘንድ ያደረሰው ግን ነጻነቱ ነው። በ1993 ሪፐብሊክ ፒክቸርስ ታሪኩ የተወሰደበት አጭር ልቦለድ መብት የእኔ ነው ብሎ ተነሣ። የተደገፈው ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1990 በ«ሪር ዊንዶው» ፊልም ታሪክ መብት ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ ላይ ነበር፤ የሁለቱም ፊልሞች ዋና ተዋናይ ጄምስ ስቱዋርት መሆኑ ደግሞ የሚገርም ግጥምጥሞሽ ነው። እንደ ልብ ማሳየቱም በዚያው ቀረ። ነጻ በተባለ ፊልም ውስጥ ባለቤት ያለው ነገር ሊኖር ይችላልና፣ ቆርጦ ለራሱ ሥራ ሊጠቀም ያሰበ ሰው ታሪኩንና ሙዚቃውን ለየብቻ ያጣራ። የ«ቻሬድ»ም ሙዚቃ፣ የሄንሪ ማንቺኒ ድርሰት፣ ከፊልሙ ጋር ነጻ አልወጣም።

ለጀማሪ የምመርጠው የሃዋርድ ሆክስን «ሂዝ ገርል ፍራይዴይ» ነው፤ የ1940 ሥራ ነው። ፊልሙ በተወሰደበት የመድረክ ተውኔት ላይ ወንድ የነበረውን ጋዜጠኛ ሆክስ ሴት አደረገው፤ ሮዛሊንድ ራስል ትጫወተዋለች። ሌላ ባል ልታገባ ስትል የቀድሞ ባሏም አለቃዋም የሆነው ኬሪ ግራንት በአንድ የሞት ፍርደኛ ዜና ሊያስቀራት ይሞክራል። አንዱ ሳይጨርስ ሌላው ይቀጥላል፤ ቃሉ ይጎርፋል፤ አንዳቸውም ግን ለዛቸውን አያጡም። እንግሊዝኛ የለመደ ጆሮም ቢሆን በስክሪኑ ግርጌ የሚወጣውን ጽሑፍ ቢያበራ ይሻለዋል።

ነጻ መሆን ጉዳትም አለው። ማንም ያባዛል፤ ከቅጂ ቅጂ ሲወሰድ ፊት ይደበዝዛል፣ ድምፅ ይሻክራል። «ዲቱር» ምስክር ነው። ኤድጋር ኡልመር በ1945 በጥቂት ገንዘብ የሠራው፣ ሰባ ደቂቃ እንኳ የማይሞላ ጨለማ ታሪክ ነው፤ የኒውዮርክን ጎዳና ለመሥራት አቅም ስላጣ በጭጋግ ሸፈነው። ለብዙ ዓመታት በተዘዋወሩት ቅጂዎች ላይ ጭጋጉን ከፊልሙ እድፍ መለየት ያስቸግር ነበር። በ2018 የኦስካር ሽልማት የሚሰጠው አካዳሚ የፊልም ማኅደር አድሶት ሲወጣ ግን የተዋናይዋ የአን ሳቬጅ ቁጡ ዓይኖች ጎልተው ታዩ። ስለዚህ የሚያዩትን ፊልም ርዕስ ብቻ ሳይሆን ቅጂውንም ይምረጡ፤ የመጀመሪያው አምስት ደቂቃ ደብዛዛ ከሆነ ያቁሙትና የታደሰውን ይፈልጉ።