ገበር ያለው መጋረጃ በእጅ ሲሰፋ

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ፀሐይዋ ብርቱ ናት። ባለቀለም መጋረጃ ያለ ገበር ምሥራቅ ወይም ምዕራብ በሚያይ መስኮት ላይ ከተሰቀለ ቀለሙ መልቀቁ፣ ጨርቁም መሳሳቱ አይቀርም። ገበር ይህን ጉዳት ቀድሞ ይቀበላል፤ ሲያረጅም ተፈትቶ በሌላ ይለወጣል። ለእህቱ ወይም ለወንድሙ ቤት መጋረጃ ለመስፋት ያሰበ ሰው ገንዘቡ ቢያንሰው፣ ረከስ ያለ የፊት ጨርቅ መርጦም ቢሆን ገበር ይግዛ እላለሁ።

ልኬቱ የሚጀመረው ከመስኮቱ ሳይሆን ከዘንጉ ነው። ዘንጉ 2 ሜትር ከሆነ፣ ሽንሽኑ እንዲሞላ ከ4 እስከ 5 ሜትር ስፋት ያለው ጨርቅ ያስፈልጋል። ለገበር አቡጀዲ ይበቃል፤ ነገር ግን ጥጥ ውሃ ሲነካው ስለሚሰበሰብ ከመቆረጡ በፊት ታጥቦ ይተኮስ። አለዚያ በመጀመሪያው አጠባ ገበሩ ያጥርና ፊቱን ይጎትተዋል።

ትልቁ ሥራ ሁለቱን ጨርቆች ማያያዝ ነው። የፊቱ ጨርቅ ወለል ላይ ተገልብጦ ይነጠፋል፤ ገበሩ በላዩ ይደረባል። ከዚያ ገበሩ በቁመቱ ይታጠፍና መርፌዋ በእጥፋቱ ጠርዝ ላይ፣ ከፊቱ ጨርቅ አንድ ሁለት ክር ብቻ እያነሳች፣ ከላይ ወደ ታች ትወርዳለች። በአንዱ ስፌትና በሌላው መካከል 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ይተዋል፤ ክሩም አይጠብቅም። አንዱ መስመር ሲያልቅ ከ30 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ፈቀቅ ብሎ ሌላው ይጀመራል። ምሥጢሩ ያለው ክሩ መላላቱ ላይ ነው፦ ሁለቱ ጨርቆች በሙቀትና በእርጥበት እኩል ስለማይሰበሰቡ፣ ላላ ያለ ስፌት ሳያለያያቸው እንዲንቀሳቀሱ ያስችላቸዋል። የመኪና ስፌት እዚህ ቦታ ላይ ፊቱን ያጨማድዳል። ጨርቅ ከጨርቅ ለመቀጠል ግን መኪና መጠቀም ምንም ነውር የለበትም።

የገበሩ እግር ከፊት በኩል እንዳይታይ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር አጥሮ ይቀመቀማል። የፊቱ ቅምቀማ ደግሞ ሰፊ ይሁን፤ 10 ሴንቲ ሜትር ሁለት ጊዜ ቢታጠፍ ክብደቱ መጋረጃውን ቀጥ አድርጎ ያወርደዋል። ይህን ቅምቀማ ከመስፋት በፊት መጋረጃውን ዘመድ ቤት ሰቅሎ ጥቂት ቀናት መተው ያስፈልጋል። ጨርቅ በራሱ ክብደት ይረዝማል፤ የቤቱ ወለልም ሁልጊዜ ውሃ ልክ አይደለም። እንደተሰቀለ እግሩን በእስፒል መያዝ፣ አውርዶ መስፋት፣ መልሶ መስቀል፦ ገበያ ላይ የሚሰፋ ሰው እንዲህ ሊመላለስ አይችልም፤ ቤተሰብ ግን ይችላል።