ከአንድ ወረቀት የሚነሣ ቤት

(ከሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል፣ 7ኛ ክፍል)

በዚህ እትም የእጅ ሥራ ዓምድ የደረሰው ለእኔ ነው። ስለዚህ ስትከፍቱት ከውስጡ ቤት ወይም ደረጃ ብድግ ብሎ ስለሚቆምበት ካርድ ላስረዳችሁ ነው። ሙጫ የለው፣ ስቴፕለር የለው፣ አንድ ወረቀት ብቻ! ዝም ብሎ ከማንበብ አብሮ መሥራት ይሻላልና ወረቀት፣ እርሳስ፣ ማስመሪያና መቀስ አዘጋጁ። አዘጋጃችሁ? እንቀጥል።

ከየት መጣ?

ወረቀት አጥፎ ቅርጽ መሥራት በጃፓን አገር ትልቅ ጥበብ ነው፤ ኦሪጋሚ ይባላል። በቋንቋቸው «ኦሩ» ማለት ማጠፍ፣ «ካሚ» ማለት ወረቀት ነው። ሁለቱ ቃላት ሲገጣጠሙ «ካሚ» «ጋሚ» ይሆናል። መቁረጥ ሲጨመርበት ደግሞ ኪሪጋሚ ይባላል፤ «ኪሩ» መቁረጥ ማለት ነውና። እኛስ ወረቀት አጥፈን ጀልባና አውሮፕላን እንሠራ የለ? ያ ከኦሪጋሚ ወገን ነው። ወረቀት ደራርበን አጥፈን በመቀስ እየነደልን ለበዓል የምንሰቅለው ጌጥ ደግሞ ወደ ኪሪጋሚ ይጠጋል።

ጃፓኖች ዋሺ የሚባል በእጅ የሚሠራ ወረቀትም አላቸው። አንዱ ዓይነት ኮዞ ከሚባል ተክል ልጥ ይሠራል። ልጡ ረዣዥም ጭረቶች ስላሉት ወረቀቱ ቀጭን ቢሆንም ቶሎ አይቀደድም። ይህ የወረቀት አሠራር እ.ኤ.አ. በ2014 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ገብቷል።

ወደ ካርዳችን ስንመጣ ግን የሚነሣው ስም ፕሮፌሰር ማሳሂሮ ቻታኒ ነው። እሳቸው እ.ኤ.አ. በ1934 ተወልደው በ2008 ያረፉ ጃፓናዊ አርክቴክት፣ ማለትም የሕንፃ ንድፍ ባለሙያ ነበሩ። በቶኪዮ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አስተምረዋል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ወረቀት እየቆረጡና እያጠፉ፣ ሲከፈት ሕንፃ የሚቆምበት ካርድ መሥራት ጀመሩ። ይህ ጥበብ ኦሪጋሚክ አርክቴክቸር ይባላል፤ በእኛ አነጋገር «በወረቀት እጥፋት ሕንፃ ማቆም» ብንለው ያስኬዳል። የሕንፃ ባለሙያ ይህን መጀመሩ አይገርምም። ሥራው ራሱ ወረቀት ላይ የተጋደመውን ንድፍ ማስቆም አይደል!

መጀመሪያ፦ ሣጥን

1. ርዝመቱ 24፣ ስፋቱ 14 ሴንቲ ሜትር የሆነ ወረቀት ቁረጡ። 24 የሆነው ጎን 12 እና 12 ሆኖ እንዲከፈል መሐሉ ላይ እጠፉት።
2. እንደታጠፈ ያዙት። ከታጠፈው ጠርዝ ተነሥታችሁ ወደ ውስጥ 3 ሴንቲ ሜትር በመቀስ ቁረጡ። ከዚህ 3 ሴንቲ ሜትር ራቅ ብላችሁ ሁለተኛውን እንዲሁ 3 ሴንቲ ሜትር ቁረጡ። አሁን በሁለቱ መካከል ምላስ የመሰለ ነገር ተገኘ።
3. ምላሱን መጀመሪያ ወደ አንድ ጎን፣ ከዚያ ወደ ሌላው ጎን አጥፋችሁ በጥፍር ጫን ጫን አድርጉት። ከዚያ ወደ ቦታው መልሱት።
4. ወረቀቱን በከፊል ክፈቱና ምላሱን ከኋላ በጣት ወደ ውስጥ ግፉት። የነበረው እጥፋት ወደ ተቃራኒው ይገለበጣል። ካርዱን ዝጉት፣ ጫን አድርጉት፣ ክፈቱት።

ቆመ አይደል? አሁን አንዱን ግማሽ እንደ ግድግዳ፣ ሌላውን እንደ ወለል አድርጋችሁ 90 ዲግሪ ላይ ያዙት። በመሐል 3 በ3 በ3 የሆነ ሣጥን ቁጭ ብሏል።

ለምን ይቆማል? ለምንስ ይተኛል?

ባዶ የክብሪት ቀፎ ወስዳችሁ ውስጡን አውጡና ሽፋኑን ከጎን ጫን በሉት። ተጋድሞ ይተኛል፤ መልሳችሁ ስትገፉት ይቆማል። ምክንያቱ ፊት ለፊት የሚተያዩት ጎኖቹ እኩል ስለሆኑ ነው። በሒሳብ የተማርነው ፓራሌሎግራም ማለት እሱ ነው። ካርዳችንም ከጎን ስታዩት እንደዚያው ነው፤ ጣሪያው ከወለሉ ጋር፣ የፊቱ ገጽ ከግድግዳው ጋር እኩል ነው። አንዷ ሚሊ ሜትር ከተዛነፈች ካርዱ አልዘጋም ይላል ወይም ወረቀቱ ይጨማደዳል። ስለዚህ በዚህ ሥራ መቀሱን የሚያዘው ማስመሪያው ነው።

ሁለተኛ፦ ከወርዱ ይልቅ ቁመቱ የሚረዝም ቤት

ሣጥኑ በሁሉም በኩል 3 ስለነበር ቀላል ነበር። አሁን ቁመቱ 6፣ ወደ ፊት የሚወጣው 3፣ ስፋቱ 5 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቤት እንሥራ። ሌላ 24 በ14 የሆነ ወረቀት አምጡና መሐሉን ሳታጥፉ በእርሳስ ብቻ አስምሩት። ከመሐሉ መስመር በላይ ያለው ግድግዳ፣ በታች ያለው ወለል ነው።

በ5 ሴንቲ ሜትር የሚራራቁ ሁለት ቋሚ መስመሮች አስምሩ። እያንዳንዱ ከመሐሉ መስመር 6 ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ፣ 3 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች ይሂድ። የሚቆረጡት እነዚህ ሁለቱ ብቻ ናቸው። እዚህ ላይ ምላጭ ስለሚያስፈልግ ከሥር ካርቶን አንጥፋችሁ ትልቅ ሰው ይቁረጥላችሁ። ትናንሾች፣ ምላጭ በእጃችሁ እንዳትነኩ!

አሁን በሁለቱ መስመሮች መካከል ሦስት አግድም እጥፋት አለ። አንደኛው ከላይ 6 ላይ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ ሸለቆ በሉት። ሁለተኛው ከመሐሉ መስመር 3 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ወደ ውጭ ይታጠፋል፤ እሱን ተራራ በሉት። ሦስተኛው ከታች 3 ላይ እንደገና ሸለቆ ነው። የመሐሉን መስመር ራሱን ከተቆረጠው ውጭ በግራና በቀኝ ብቻ ሸለቆ አድርጋችሁ እጠፉት፤ ቤቱን አያቋርጥም። እጥፋቱ ቀጥ እንዲል ቀለሙ ባለቀ እስክርቢቶ በማስመሪያ ጠርዝ ጫን ብላችሁ አስቀድማችሁ አስምሩበት።

ሒሳቡን እንየው። ጣሪያው 3፣ የፊቱ ገጽ 6፣ ድምሩ 9 ነው። የቆረጥነውም ከላይ 6፣ ከታች 3፣ ድምሩ 9 ነው። ከግድግዳውና ከወለሉ የወሰድነው በሙሉ ጣሪያና የፊት ገጽ ሆኗል፤ የተጨመረ የለም፣ የተጣለም የለም። ሌላም አለ። ካርዱ ሲዘጋ የቤቱ ጫፍ ከመሐሉ እጥፋት 9 ሴንቲ ሜትር ይርቃል። ግማሹ ወረቀት 12 ስለሆነ አይታይም። ግማሹ 8 ቢሆን ኖሮ ግን ተዘግቶም ቤቱ አፍንጫውን ያወጣ ነበር።

ሦስተኛ፦ ደረጃ

ይሄን ነው እኔ በጣም የምወደው። በ4 ሴንቲ ሜትር የሚራራቁ ሁለት ቋሚ መስመሮች ከመሐሉ 6 ወደ ላይ፣ 6 ወደ ታች አድርጋችሁ ቁረጡ። ከዚያ ከላይ ጀምራችሁ በየ2 ሴንቲ ሜትሩ አግድም አስምሩ፤ ሰባት መስመር ይመጣል። ከላይ ወደ ታች፦ ሸለቆ፣ ተራራ፣ ሸለቆ፣ ተራራ፣ ሸለቆ፣ ተራራ፣ ሸለቆ እያላችሁ እጠፉ። አራተኛው መስመር መሐሉ ላይ ቢያርፍም ተራራ ነው፤ ከጎንና ከጎን ያለው የመሐል እጥፋት ግን ሸለቆ ነው። ስትከፍቱት ሦስት መርገጫ ያለው ደረጃ ይቆማል።

ወረቀቱ ከደብተር ቅጠል ወፈር ይበል። መግዛት አያስፈልግም። ያለፈ የሠርግ መጥሪያ ካርድ ቤት ውስጥ አይጠፋም፤ የአሮጌ ደብተር ሽፋንም ይሆናል። የኋላው ቀዳዳ እንዳይታይ ሌላ ወረቀት ከውጭ ለጥፉበት፤ ሙጫው ቤቱን እንዳይነካ ግን ተጠንቀቁ። ለእንቁጣጣሽም አበባ ስለን ለጎረቤት እንሰጥ የለ? አደይ አበባውን ስላችሁ ቆርጣችሁ በሣጥኑ ፊት ላይ ለጥፉት። ጎረቤት ካርዱን ሲከፍት አበባው ብድግ ይላል።

ከዓይን ይልቅ ጣት ያየው

እስካሁን ስለ አሠራሩ ነገርኳችሁ። ይህን ርዕስ የመረጥኩበት ምክንያት ግን ሌላ ነው።

በክፍላችን አንድ ዓይነ ስውር ጓደኛችን አለ። በቃል ሒሳብ ማንም አይቀድመውም። ነገር ግን ሰሌዳ ላይ ኪዩብ ወይም ፕሪዝም ሲሳል እሱ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። አጠገቡ የተቀመጥን ልጆች «አራት ማዕዘን አለ፣ ከኋላው ሌላ አራት ማዕዘን አለ፣ በመስመር ተገናኝተዋል» እያልን በሹክሹክታ እንነግረዋለን። እስኪ ዓይናችሁን ጨፍኑና ይህን ዓረፍተ ነገር በልባችሁ ሳሉት። ምን ታያችሁ? ምንም። ስዕል ያለው ጥያቄ ሲመጣ እሱ ይዘለዋል፤ የሚዘለው ሒሳቡ ከብዶት ሳይሆን ስዕሉ ስለማይዳሰስ ነው።

የሣጥኑን ካርድ ሰጠሁት። ከፈተው፣ ዘጋው፣ እንደገና ከፈተው። ጣቱን በጣሪያው ላይ አንሸራቶ በፊቱ ገጽ ወረደ። ከዚያ በጎን በኩል ጣቱን አስገባና «ይሄ እኮ ኪዩብ አይደለም፣ ያለው ሁለት ፊት ነው፤ ኪዩብ ስድስት አለው አላላችሁም? አራቱ የት ሄዱ?» አለኝ።

እኛ በዓይናችን አይተን ሣጥን ነው ብለን አልፈነው ነበር። እሱ ግን በጣቱ ቆጠረ። ቁጭ ብለን አብረን ፈለግናቸው። አንዱ ፊት ከኋላ ነው፤ የካርዱ ግድግዳ ሆኗል። አንዱ ከሥር ነው፤ የካርዱ ወለል ሆኗል። ሁለቱ የጎን ፊቶች ግን ወረቀት የላቸውም፤ አየር ናቸው። ካርዱ መተኛት የሚችለውም ጎኖቹ ክፍት ስለሆኑ ነው፤ በወረቀት ቢደፈኑ እንደ ክብሪት ቀፎው አይጋደምም ነበር። በአንድ ጥያቄ የኪዩብን ፊቶችም፣ የካርዱን ምስጢርም ተማርን።

ከዚያ የደረጃውን ካርድ እኔ ቆረጥኩ፣ እሱ አጠፈ። ለብሬል መጻፊያ የሚጠቀምበት ወፍራም ወረቀት ነበረው፤ አንድ ቅጠል እሱ ሰጠን። 2 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቁራጭ ካርቶን እንደ መለኪያ እያስጠጋ በጥፍሩ ጫን ጫን አድርጎ ሰባቱንም አጠፋቸው። እውነቱን ለመናገር ከእኔ እጥፋት የእሱ ይበልጥ ቀጥ ያለ ነው። አሁን ስለ ደረጃው ስፋትና ከፍታ የሚቀርብ ጥያቄ ሲመጣ አይዘልም፤ ካርዱን ከቦርሳው ያወጣል።

ምን እናድርግ?

አንድ ሐሳብ አለኝ። በቤተ መጻሕፍታችን አንድ ካርቶን ይቀመጥ፤ ላዩ ላይ «የሚዳሰሱ ስዕሎች» ተብሎ ይጻፍበት። እያንዳንዱ ክፍል ከሒሳብ መጽሐፉ አንድ ስዕል መርጦ በካርድ ይሥራ። ሣጥን፣ ቤትና ደረጃ ከላይ ባሳየኋችሁ መንገድ ይወጣሉ። የወጡ ሳይሆን የተዘረጉ ቅርጾች፣ ለምሳሌ ሦስት ማዕዘንና ክብ፣ ከካርቶን ተቆርጠው ወረቀት ላይ ቢለጠፉ በቂ ነው። ውድ መምህሮቻችን፣ አንድ ገጹ ብቻ የተጻፈበት ወፍራም ወረቀት ካላችሁ እንዳትጥሉብን እንለምናለን። የሒሳብ መምህሮቻችን ደግሞ ልኩን ብታዩልን ደስ ይለናል፤ ልኩ የተሳሳተ ካርድ ጣትን ይዋሻልና።

ካርዱ ለዓይነ ስውር ተማሪ ብቻ ነው እንዳትሉ። በክፍላችን «ፕሪዝም አይገባኝም» ይሉ የነበሩ ልጆች ደረጃውን ራሳቸው ካጠፉ በኋላ ነው የገባቸው። ሰሌዳ ላይ ያለውን ስዕል አይተን የገባን የመሰለን ብዙዎች ነን፤ ሁለት የጎን ፊት እንደጎደለ ግን አንዳችንም አላየንም።

የሠራችሁትን ካርድ ለሚኒ ሚዲያ ክበብ አምጡ። ስማችሁንና ክፍላችሁን ከጀርባው መጻፍ አትርሱ። ከመስጠታችሁ በፊት ግን ዓይናችሁን ጨፍናችሁ በጣታችሁ አንብቡት። ጣታችሁ ካወቀው ካርዱ ተሳክቷል ማለት ነው።

በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ቸር ያሰንብተን!