ውጤቱ መጣ፤ ልጅቱስ የት ትሂድ?

በደብረ ታቦርና በዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ካለፉት ዓመታት ወዲህ ከዘመን መለወጫ ጋር እየገጠመ በዓሉን ለአንዱ ቤት ሰርግ፣ ለሌላው ቤት ለቅሶ እያደረገው ነው። ጎረቤት «እንኳን አደረሳችሁ» ሊል ሄዶ፣ ደጅ ላይ የቤተሰቡን ፊት አይቶ ነገሩን ይረዳል። በነርስነት ከሠላሳ ዓመት በላይ ሠርቼ ጡረታ ከወጣሁ በኋላም ሰው «ሲስተር» ማለቱን አልተወኝም። ድሮ ስለ ክትባትና ስለ ደም ግፊት ይጠይቁኝ የነበሩ እናቶች አሁን የሚጠይቁኝ ሌላ ነው፤ «ሲስተር፣ ይህ ሪሜዲያል የሚሉት ምንድን ነው? ልጄ አለፈች ነው ወይስ ወደቀች?»

እኔ ማትሪክ በተፈተንሁበት በደርግ ዘመን ነገሩ ቁርጥ ያለ ነበር። ዲግሪ የሚሰጡት ተቋማት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ስምህ ከተለጠፈው ወረቀት ላይ አለ ወይም የለም። የእኔ ዕጣ የነርስ ዲፕሎማ ሆነ፤ ለዓመታትም እንጀራዬ እሱ ነበር። ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከአርባ በላይ ናቸው፤ በክልላችን ብቻ ከጎንደርና ከባሕር ዳር እስከ ደባርቅና መቅደላ አምባ አሥር ደርሰዋል። በራችን ላይም ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ አለ። ቤቱ በዝቷል፤ በሩ ግን ጠብቧል።

የጠበበው ከ2014 ዓ.ም. ፈተና ጀምሮ ነው። በየዓመቱ የሚወጣው የፈተና ስርቆት ስላስመረረ፣ ተማሪዎች ከየትምህርት ቤታቸው ወጥተው በዩኒቨርሲቲ ግቢ እያደሩ እንዲፈተኑ ተደረገ፤ ለመግቢያም 50 በመቶ ተቆረጠ። በዚያ ዓመት ይህን ያመጡት በመላ አገሪቱ 29,909 ብቻ፣ ማለትም 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 27,267 ወይም 3.2 በመቶ፤ በ2016 ዓ.ም. 36,409 ወይም 5.4 በመቶ፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 48,929 ወይም 8.4 በመቶ ሆኑ። እየተሻሻለ ነው። ያም ሆኖ በመጨረሻው ዓመት እንኳ ከመቶ ተፈታኞች ከዘጠና የሚበልጡት መስመሩን አላለፉም። «የሰው ልጅ ሁሉ ሲያልፍ የእኔዋ ምን ሆና ነው?» ለምትል እናት ይህን ቁጥር እነግራታለሁ። የሰው ልጅ ሁሉ አላለፈም።

ከ50 በመቶ በታች ያሉት ግን ሁሉም አንድ አይደሉም። ትምህርት ሚኒስቴር በ2015 ዓ.ም. ሪሜዲያል የተባለውን የአቅም ማሻሻያ ፕሮግራም ሲጀምር፣ ለመስመሩ የቀረቡትን በየዩኒቨርሲቲው መድቦ ለጥቂት ወራት አስተምሮ እንደገና መመዘን ጀመረ። በተጀመረበት ዓመት 70 በመቶው ከማዕከል በተዘጋጀ ፈተና፣ 30 በመቶው በዩኒቨርሲቲው ምዘና የሚያዝ ነበር። ያለፈ አንደኛ ዓመት ይመዘገባል፤ ያላለፈ ሻንጣውን ይዞ ይመለሳል። ስለዚህ ሪሜዲያል የደረሳት ልጅ አላለፈችም፣ አልወደቀችምም። ደጃፍ ላይ ቆማለች።

ሜሪላንድ የምትኖር የእህቴ ልጅ እዚያም እንዲህ ያለ ነገር እንዳለ ነግራኛለች። ዩኒቨርሲቲው አልተቀበልንሽም፣ አልተውንሽም፣ ተጠባባቂ ሁኚ ብሎ ይጽፋል። ነገር ግን የእሷ ልጅ የምትጠብቀው ሌላ የተቀበላትን ኮሌጅ በእጇ ይዛ ነው። የእኛዎቹ ብዙዎቹ የሚይዙት ሁለተኛ ነገር የላቸውም።

ደግሞ የእኛ ቤተሰብ እዚህ ደጃፍ ለመድረስ ምን እንደከፈለ የከተማ ሰው ሁልጊዜ አይረዳውም። ከፋርጣና ከጋይንት ገጠር የመጡ ልጆች ሦስትና አራት ሆነው አንዲት ክፍል ይከራያሉ። ቅዳሜ በእግራቸው አገራቸው ወርደው እሑድ ስንቃቸውን ተሸክመው ይመለሳሉ፤ ረቡዕ ሲደርስ እንጀራው ይሻግታል። የቤት ኪራዩ ከባሕር ዛፉ ሽያጭ ነው የሚወጣው። በዚያ ላይ ጦርነትና ግጭት ትምህርት ቤት የዘጋባቸው ወራት አሉ። የ2015 ዓ.ም. ፈተና ውጤት ሲወጣ የሞባይል ኢንተርኔት በክልላችን ተቋርጦ ስለነበር፣ አባቶች የልጃቸውን የመፈተኛ ቁጥር በወረቀት ይዘው አዲስ አበባ ላለ ዘመድ ስልክ ይደውሉ ነበር። ዘመዱ ቁጥሩን አይቶ ዝም ሲል፣ ዝምታው መልስ ነበር።

ባለፈው ዓመት ከጣራ ገዳም ሥር፣ ከሊቦ ከምከም፣ አንድ የሩቅ ዘመዴ ልጁን አስከትሎ ቤቴ መጣ። ልጅቱ ሪሜዲያል ደርሷታል፤ የተመደበችው ግን ከአዲስ አበባ አልፎ ወደ ደቡብ ነው። ተቀምጦ ቡናውን እስኪጨርስ ምንም አልተናገረም። ከዚያ፣

«ሲስተር፣ አስም አለባት የሚል ወረቀት ሆስፒታል ብንጠይቅ ይሰጡናል?» አለኝ።

«አስም አለባት እንዴ?»

«የለባትም። ግን ባሕር ዳር ወይ ጎንደር እንዲያደርጉልን ነው። እርስዎ ቢሆኑ በዚህ መንገድ ይልኳታል?»

ፍርሃቱን የሰማይ ጥላ ነው ብዬ ላጣጥልበት አልቻልሁም። በ2012 ዓ.ም. ከደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ የታገቱትን ተማሪዎች በእኛ አገር የረሳ ወላጅ የለም። በ2016 ዓ.ም. ማብቂያ ላይም ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደ አዲስ አበባ ይጓዙ የነበሩ ተማሪዎች ገብረ ጉራቻ አካባቢ ታግተዋል። ያው እኛ የምንሄድበት መንገድ ነው።

ወረቀቱን በተመለከተ ግን ቁርጡን ነገርሁት። ምደባ ሲሠራ ለጤና ችግር፣ ለአካል ጉዳት፣ ለሚያጠቡ እናቶችና ለመንትዮች ልዩ ሁኔታ ይታያል፤ ለጤናው የሚያስፈልገው የሐኪሞች ቦርድ ማስረጃ ነው። ይህ በር የተከፈተው ለማን እንደሆነ እኔ በዓይኔ አይቻለሁ። የልብ በር በሩማቲክ በሽታ የተጎዳባት ልጅ በየወሩ የፔኒሲሊን መርፌ ሳታቋርጥ መውሰድ አለባት። ስኳር ያለበት ልጅ ኢንሱሊኑን የሚያስቀምጥበት ቀዝቃዛ ቦታ፣ ሲደክመው የሚያውቀው ሐኪም ያስፈልገዋል። የሚጥል በሽታ ያለባት ክኒኗን ለሁለት ቀን ብታጣ ትወድቃለች። የሐሰት ወረቀት ሲበዛ መርማሪው የእውነተኛውንም መጠራጠር ይጀምራል። በአንጻሩ እውነተኛ ሕመም ያለባቸው ልጆች ወላጆች ነገሩን ባለማወቅ ምደባው ከወጣ በኋላ ነው ወደ ሆስፒታል የሚሮጡት፤ ያኔ ማስቀየር እጅግ ከባድ ነው። ልጃችሁ ክትትል ካላት ማስረጃውን ከምትከታተልበት ሆስፒታል ገና ፈተናው እንዳለቀ ጀምሩት።

ዘመዴ ወረቀቱን ተወው። ልጅቱን ግን እኔ ላኪ ወይም አታላኪ አላልሁም፤ እሷን ጠየቅኋት። «እሄዳለሁ» አለች፣ ቀና ሳትል። አባት ለጣራ ሊያውለው የነበረውን ባሕር ዛፍ ሸጦ ከባሕር ዳር አዲስ አበባ የአውሮፕላን ትኬት ቆረጠላት፤ አዲስ አበባ አጎቷ ተቀብሎ እስከ ግቢው በር አደረሳት። ሪሜዲያሉን አልፋ አሁን አንደኛ ዓመት ናት። እሱ ዛሬም ስልኩን ከትራሱ ሥር አድርጎ ነው የሚተኛው።

አንድ የማልወደው ልማድ አለ፤ የምርጫ ቅጹን የኢንተርኔት ቤት ልጅ እንዲሞላ መተው። ሰልፉ ረጅም ነው፤ ልጁ ቸኩሎ ዩኒቨርሲቲዎቹን በመጣለት ቅደም ተከተል ይደረድራል። የልጃችሁን ቀጣይ ዓመታት በማያውቃት ሰው ጣት አታስወስኑ። ቤት ቁጭ ብላችሁ፣ ዘመድ የት እንዳለ፣ መንገዱ በየት እንደሚያልፍ፣ ምን መማር እንደምትፈልግ ተነጋግራችሁ በወረቀት ጻፉና እሱን ይዛችሁ ሂዱ። የይለፍ ቃሉም በልጅቱ እጅ ይቅር። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን የምታስቡ፣ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱ የመግቢያ ፈተና እንዳለው ልብ በሉ። የወጪ መጋራት ውሉ ደግሞ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነው፤ ተመርቃ ሥራ ስትይዝ የምትከፍለው እንጂ ዛሬ በሬ የሚያሸጥ ዕዳ አይደለም።

ገና ስትመደብ «ዶክተር» ማለትም ይቅር። አሁን የመጀመሪያው ዓመት ለሁሉም የጋራ ትምህርት ነው፤ ሕክምናም ሆነ ሌላው ክፍል የሚገኘው እዚያ ከገቡ በኋላ በሚመጣ ውጤት እንደገና ተወዳድሮ ነው። በዚያ ስም ሰፈሩ ሲጠራት ከርሞ ሌላ ክፍል የደረሳት ልጅ ለእረፍት እንኳ ቤቷ መምጣት ታፍራለች።

ሪሜዲያልም ያልደረሳቸው አሉ፤ እነሱ ብዙዎቹ ናቸው። በግል ተፈታኝነት ድጋሚ መፈተን ይችላሉ። ደብረ ታቦር ጤና ሳይንስ ኮሌጅ አለ፤ የመምህራን ኮሌጅና የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች አሉ። ገንዘባችሁን የምትጠብቁት «ነጥብ አያስፈልግም፣ ዲግሪ እናስተምራታለን» ከሚል ደላላ ነው። መስመሩን ወይም ሪሜዲያልን ያላለፈ ተማሪ በግል ኮሌጅም ለዲግሪ መመዝገብ አይችልም፤ ከዓመታት በኋላ ማስረጃው ሲመረመር ተቀባይነት ያጣል።

አሁን ወደሚከብደው ልምጣ። ውጤት ከወጣ በኋላ የሪሜዲያል መቁረጫው እስኪነገር ሳምንታት ያልፋሉ። በእነዚያ ሳምንታት ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ያየኋቸውን ልጆች አልረሳም። ራሳቸውን ሊጎዱ የሞከሩት ብዙዎቹ ሰነፎች አልነበሩም፤ ቤተሰብ ተስፋውን ሁሉ የጫነባቸው ጎበዞች ነበሩ። አንዱ እንደነቃ መጀመሪያ የጠየቀኝ «አባዬ ምን አለ?» ብሎ ነው። አባቱ ኮሪደሩ ላይ መሬት ተቀምጦ ያለቅስ ነበር። አስገባሁት።

ልጃችሁ ሌሊት የማይተኛ፣ እህል የማይቀምስ፣ ከጓደኛ የሚሸሽ ከሆነ፣ በተለይ «እኔ ባልኖር ይሻላችኋል» ካለ፣ ቃሉን እንደ ቁጣ አትቁጠሩት። ብቻውን አትተዉት፤ ቀጥ ብላችሁ «ራስህን ልትጎዳ አስበሃል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁት። መጠየቁ ሐሳቡን አያመጣበትም። ከዚያም በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። በቤት ውስጥ የሰብልና የተባይ መድኃኒት ካለ ቆልፉበት፤ ቁልፉ በአዋቂ እጅ ይሁን። «የእገሌ ልጅ አለፈች» የሚለውን ወሬ ከማዕድ ላይ አንሱ። አያቶችም፣ ለጣራ ገዳም የተሳላችሁት ስለት ካለ በእናንተና በእግዚአብሔር መካከል ይቆይ፤ ልጁ እሱንም እንደ ዕዳ እንዳይሸከመው።

ለሚሄዱት ደግሞ አንድ የሙያዬን ነገር ልናገር። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ናት፤ ከጉና ሥር ያደገች ልጅ ወባ ታማ አታውቅም፣ ሰውነቷም አልለመደውም። ወደ ጋምቤላ፣ ወደ አርባ ምንጭ ወይም ወደ ሌላ ቆላ ከተመደበች፣ ከበሶውና ከዳቦ ቆሎው ጋር አጎበር ቋጥሩላት። ትኩሳት ከጀመራት ፈተና አለብኝ ሳትል በ24 ሰዓት ውስጥ የግቢው ክሊኒክ ሄዳ ደሟን ትመርመር። ለእረፍት መጥታ ደብረ ታቦር ላይ ብትታመምም፣ ከየት እንደመጣች ለሐኪሙ መጀመሪያ ንገሩት፤ ካልነገራችሁት በደጋ ከተማ ወባን ቶሎ ላያስብ ይችላል።