ክፉ ቀን ሳይመጣ

ላስታ ተራራዋ የበዛ፥ ገደሏም የጠለቀ አገር ናት። በእርስዋም የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይታያል። በዚህ ደጋ የሚኖር ገበሬ ሁለት ዝናብ ይጠብቃል። ትንሹ ዝናብ በልግ፥ ትልቁም ዝናብ ክረምት ይባላል። ዝናቡ በጊዜው የመጣ እንደ ሆነ ገብሱም ስንዴውም ያምራል። ዝናቡ የቀረ እንደ ሆነ ግን ድርቅ ይሆናል። ከመጠንም ያለፈ እንደ ሆነ ጎርፍ አፈሩን ከቁልቁለቱ ጠርጎ ወደ ተከዜ ይወስደዋል፤ በረዶም እሸቱን ይመታዋል።

ድርቅና ረኃብ ግን አንድ ነገር አይደሉም። ድርቅ ከሰማይ ይመጣል፤ ረኃብ ግን በምድር ላይ ቀስ በቀስ ይሠራል። አሠራሩም እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ሣሩ ይደርቃል፥ በሬውም ይከሳል። ገበሬውም የከሳውን በሬ ወደ ገበያ ያወጣዋል። ጎረቤቶቹም ሁሉ እንደ እርሱ ስለሚሸጡ የከብት ዋጋ ይወድቃል፤ የእህል ዋጋ ግን ይወጣል። ከዚህ በኋላ ገበሬው ለዘር ያስቀመጠውን ይበላል። በመጨረሻም ቤቱን ዘግቶ ይሰደዳል። በሚመጣው ዓመት ዝናብ ቢዘንብ እንኳ በሬና ዘር የሌለው ሰው በምን ያርሳል? ምንስ ይዘራል?

ይህ ነገር በኢትዮጵያ ብዙ ጊዜ ሆኗል። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የነበረው ዘመን ክፉ ቀን ተባለ። በዚያ ጊዜ ከባሕር ማዶ ከመጡ ከብቶች ጋራ በምጥዋ በኩል የገባ በሽታ በሬውንና ላሙን ፈጀ። ዝናብም ጠፋ፤ አንበጣም መጣ። በሬ ስለ ታጣም መሬቱ ጦም አደረ። ሕዝቡ በእጅ መቆፈርን እንዳያፍር ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው ቆፈሩ።

በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ደግሞ በወሎ ታላቅ ረኃብ ሆነ። ያን ጊዜ ሕዝቡን የጐዳው ድርቁ ብቻ አልነበረም፤ ዝምታም ጐዳው። ችግሩ ተሸፍኖ ስለ ቆየ በቂ እርዳታ የደረሰው ብዙ ሺህ ሰው ካለቀ በኋላ ነው። በ1977 ዓ.ም. ድርቅና ጦርነት ተባብረው ስለ መጡ ብዙ ሰው ከየተራራው ወርዶ እህል ፍለጋ ወደ ቆረም ተጓዘ፤ ከእነርሱም ብዙዎች አልተመለሱም።

በ2007 ዓ.ም. በልጉም ክረምቱም በብዙ አገር ቀረ። በሚከተለውም ዓመት ከ10 ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው እርዳታ ፈለገ። ነገር ግን ችግሩ አስቀድሞ ስለ ተነገረና እህልም ስለ ተላከ፥ እንደ 1977ቱ ያለ እልቂት አልሆነም። እንግዲህ በጊዜ የተነገረ ቃል በጎተራ እንዳለ እህል ነፍስ ያድናል።

የላሊበላን 11 አብያተ ክርስቲያናት ከዐለት የፈለፈሉ ሰዎች ግድግዳውንና ጣራውን ብቻ አልሠሩም። የክረምቱ ውሃ የሚወርድበትን ቦይ ደግሞ በዐለቱ ውስጥ ቈፈሩ። ጎርፉ ከመጣ በኋላ ቦይ መቈፈር እንደማይቻል ያውቁ ነበርና።

የዛሬም ገበሬ እንደ እነርሱ ሊያስብ ይገባዋል። በቁልቁለቱ ላይ እርከን ቢሠራ አፈሩ አይታጠብም። ዛፍ ቢተክል መሬቱ ይጸናል። በጥጋብ ዓመት ከእህሉ ከፍሎ ቢያስቀምጥ በክፉ ዓመት ዘሩን አይበላም። ስለዚህ አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ።

ልጆች ሆይ፥ ሣሩ መድረቁን ምንጩም መጕደሉን ከሁሉ በፊት የሚያየው ከብት የሚጠብቅ ልጅ ነው። ይህ ልጅ ያየውን ለአባቱ ይንገር፤ አባትም ለመንደሩ ሽማግሌዎች ይንገር። ችግርን ገና ትንሽ ሳለ የሚናገር ልጅ ፈሪ አይባልም፤ ለወገኑ ዘበኛ ነው።