ሐኪሙ፣ ኮምፓሱና የአርሲ ደጋ

አሰላ ጭላሎን ተደግፋ ወደ ዝዋይ ሐይቅ ቁልቁል የምታይ ከተማ ናት። ይህን ደጋ በአውሮፓ ወረቀት ላይ ለማስፈር ከደከሙት ሰዎች አንዱ ኑሮው ግን እዚህ አልነበረም። ከአዋሽ ማዶ፣ አንኮበር አጠገብ፣ ሌት ማረፊያ በሚባል ቦታ ነበር። ጣቢያውን ሳናውቅ ሰውዬውን ማወቅ ስለማይቻል ከጣቢያው እንነሳ።

የኢጣሊያ ጂኦግራፊ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1867 ተቋቋመ። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ በማርኬዝ ኦራዚዮ አንቲኖሪ የሚመራ ቡድን ወደ ሸዋ ላከ። አንቲኖሪ ወፍ አጥኚ ነው፤ ዛሬም አንዲት ጥቁር ወፍ በስሙ ትጠራለች። ገና ከመምጣቱ አደን ላይ ጠመንጃ ባርቆበት ቀኝ እጁ ተጎዳ። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ሌት ማረፊያን ለቡድኑ ሰጡ፤ ሽማግሌውም እዚያው ተቀምጦ ወፍ እያስለቀመ በነሐሴ 1874 ዓ.ም. ሞተ። ከቡድኑ ወደ ደቡብ የዘለቁትን ቼኪንና ኪያሪኒን የጌራ ንግሥት አስቀረቻቸው። ኪያሪኒ እዚያው ሞተ፣ ቼኪ በስንት ልመና ተለቀቀ።

ጣቢያው የሳይንስ ቤት ነበር፤ ይህ ውሸት አይደለም። ነገር ግን ከወፉ ቆዳና ከእጽዋቱ ጋር ወደ ሮም የሚሄድ ሌላም ነገር ነበር፦ የትኛውን ወንዝ በየት በኩል እንደሚሻገሩት፣ የትኛው ገበያ በየትኛው ቀን እንደሚቆም፣ የትኛው መኳንንት ከማን ጋር እንደተጣላ። የሚገርመው ይህ ሁሉ ምስጢር አለመሆኑ ነው። የማኅበሩ መጽሔት እያተመ ለአባላቱ ያድለው ነበር። ስለላ ሲባል በጨለማ የሚሠራ ብቻ ለሚመስለው ሰው፣ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ትልቅ የወሬ ክምችት በአደባባይ የታተመ መሆኑን መንገር ደስ ይላል።

አርሲ ወደዚህ መጽሔት የገባው በጦርነት በኩል ነው። የሸዋ ሠራዊት ከ1870ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ በየዓመቱ እየዘመተ፣ አርሲዎችም በእነሌንጂሶ ዲጋ እየተመሩ በፈረስና በጦር እየመከቱት ዓመታት አለፉ። ራስ ዳርጌ ሣህለ ሥላሴ ጳጉሜን 1878 ዓ.ም. አዙሌ ላይ ድል አደረጉ። ጠመንጃ በያዘና ባልያዘ መካከል የተደረገ ውጊያ ነበር። በዚያው ሰሞን ነው የጣቢያው ሐኪም ሊኦፖልዶ ትራቬርሲ ወደ አርሲና ወደ ጉራጌ የተጓዘው፤ የጉዞ ዘገባውም እ.ኤ.አ. በ1887 ታተመ።

ሐኪም መሆን ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። ሐኪምን ማንም ከደጁ አይመልስም፤ በሽተኛውም ሲታከም ያወራል። የተቀረው በመሣሪያ ነው። የዚያ ዘመን ተጓዥ በበቅሎ ላይ ሆኖ በኮምፓስ አቅጣጫ ያያል፣ በኪስ ሰዓት የሄደበትን ጊዜ ይይዛል፤ በቅሎዋ በሰዓት ስንት እንደምትሄድ ስለሚያውቅ ርቀቱን ያሰላል። ከፍታ ለማወቅ ደግሞ ውሃ ያፈላል። ባሕር ዳርቻ በ100 ዲግሪ የሚፈላ ውሃ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው አሰላ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ከ4,000 ሜትር በላይ በሆነው በጭላሎ ጫፍ ደግሞ ከዚያም ባነሰ። ሽሮ የሚያበስል ሰው የሚያማርርበት ነገር ለተጓዡ የተራራ ቁመት ነው። እሳት ለኩሶ ድስት የጣደ እንግዳ ደግሞ ማንን ያስጠረጥራል? እንግሊዞች በዚያው ክፍለ ዘመን በቲቤት የባሰ ብልሃት ሠርተዋል፦ ናይን ሲንግ የሚባለውን ሕንዳዊ እንደ ተሳላሚ አስመስለው ልከው፣ 108 ፍሬ ሊኖረው የሚገባውን መቁጠሪያ 100 ፍሬ አድርገው እርምጃውን ያስቆጥሩት ነበር።

እንደኔ አስተያየት ግን የአርሲው መረጃ ከተራራው ወደ ሰዉ ሲመጣ ይደክማል። አውሮፓዊው ወደዚያ የሚዘልቀው የሸዋ ጦር በከፈተው መንገድ፣ በሸዋ አስተርጓሚ፣ በሸዋ ሹም ፈቃድ ነው። የተሸነፈው ወገን ያየው በቃል ቀረ፤ ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ ቆይቶ በ2006 ዓ.ም. ሄጦሳ ወረዳ አኖሌ ላይ ሐውልት ሲቆም፣ ድል አድራጊው ጦር አኖሌ ላይ እጅና ጡት ቆረጠ የሚባለው እውነት ነው አይደለም የሚል ክርክር ዳግም ተነሳ። ክርክሩ ውስጥ የውጭ ተጓዦች ጽሑፍ እንደ ምስክር ሲጠቀስ ባየሁ ቁጥር፣ ምስክሩ ማን ቤት አድሮ እንደጻፈ መጠየቅ የሚረሳ ይመስለኛል።

ምኒልክስ ጣቢያው ወሬ እንደሚልክ አያውቁም ነበር? በደንብ ያውቁ ነበር። መሬት ሰጡ፣ ጠመንጃ ጠየቁ፤ በኢጣሊያው መልእክተኛ በኮንት አንቶኔሊ በኩልም አገኙ። የውጫሌ ውል ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ተፈርሞ በ17ኛው አንቀጽ ጠብ ከተነሳ በኋላ፣ ኢጣሊያ ንጉሠ ነገሥት የሆኑትን ምኒልክን ለማባበል ሁለት ሚሊዮን ጥይት በዚያው በሐኪሙ በትራቬርሲ እጅ ላከች። ምኒልክ ጥይቱን ተቀበሉ፤ በየካቲት 1885 ዓ.ም. ውሉን ማፍረሳቸውንም አስታወቁ።

ስለላው በስውር የተሠራው ከዚህ በኋላ ነው። ሸዋ ውስጥ የቀረው መሐንዲስ ሉዊጂ ካፑቺ ወደ ኢጣሊያኖች ወሬ ሲልክ እ.ኤ.አ. በ1895 ተያዘ፤ ሞት ተፈርዶበት በእስር ተለወጠለት።

ሃያ ዓመት ሙሉ አገር ለክተውም፣ በአድዋ ጦርነት የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ሌሊት የጄኔራል ባራቲየሪ መኮንኖች የያዙት ንድፍ ካርታ የኪዳነ ምሕረትን ኮረብታ ስም ስህተት ቦታ ላይ አስቀምጦ ነበር። ጄኔራል አልቤርቶኔ ስሙን ተከትሎ ከሌሎቹ ተነጥሎ ወደፊት ሄደ። ኢጣሊያኖች ሰላያችን ብለው የሚያምኑት ባሻ አውአሎምም የሚሠራው ለምኒልክ ኖሯል።

ትራቬርሲ በእርጅናው ትዝታውን «ሌት ማረፊያ» ብሎ እ.ኤ.አ. በ1931 አሳተመ። በ1929 ዓ.ም. የኢጣሊያ ጦር ራሱ አርሲ ገባ፤ ያኔ ደጋውን የሚቃኘው አውሮፕላን ነበር።