የባለ ካሚዮኖች ቁርስ

የአንድን ሥራ ጠባይ ለማወቅ የሚሻ ሰው፥ አለቃውን ከመጠየቁ በፊት ሠራተኞቹ ቁርስ ሲበሉ ቢያዳምጥ ብዙ ይማራል። ለዚህ ትምህርት የሞጆ ከተማ እጅግ የተመቸች ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ የሚወርደው መንገድና ወደ ሐዋሳ የሚያቀናው መንገድ የሚለያዩት በርሷ ዘንድ ነው፤ ደረቁ ወደብም የሚገኘው በዚያው ነው። ስለዚህ ገና ጎሕ ሲቀድ ተሳቢ የጎተቱ መኪናዎች በመንገዱ ዳር ተሰልፈው ይታያሉ። ባለቤቶቻቸውም ጋቢያቸውን እንደ ደረቡ በቁርስ ቤት በረንዳ ላይ ይሰበሰባሉ።

ጨዋታው የሚጀምረው ምግብ ከማዘዝ ነው። አንዱ ዱለት ይላል፤ ሁለተኛው ቋንጣ ፍርፍር፤ ሦስተኛው ሐኪም ቅባት ስለ ከለከለው እያዘነ ፉል ያዛል፤ ሌሎቹም «እንግዲህ አንተ መንጃ ፈቃድህን ተቀማህ» እያሉ ይሥቁበታል። ከዚያ ወሬው ወደ ቅቤ ዋጋ፥ ወደ ልጆች ትምህርት፥ ወደ ሠርግና ወደ ልቅሶ ይሻገራል። ይሁን እንጂ አንድ ነገር አይለወጥም፤ ሁሉም በጎማ ይለካል። ቤት በመሥራት ላይ ያሉት ሽማግሌ «ጋሼ፥ ቤቱ አለቀ ወይ?» ተብለው ሲጠየቁ «አራት ጎማ ቀርቶታል» ብለው ይመልሳሉ። ከአድማጮቹም መካከል ምን ማለት እንደ ሆነ የሚጠይቅ የለም።

አንባቢ ሆይ፥ ጆሮህን ጥቂት ብታቀና ሌላም ነገር ትሰማለህ። በሳህኑ ላይ ያለው ቃልና በሞተሩ ዙሪያ ያለው ቃል ወንድማማቾች ናቸው። ፓስታ፥ መኮሮኒ፥ ስልስ፥ ማኪያቶ፥ የፉርኖ ዱቄት ስንል የምንናገረው ጣልያንኛ ነው። ጎማ፥ ማርሽ፥ ፍሪሲዮን፥ ባሌስትራ፥ ካቻቢቴ፥ ቦቴ ስንልም እንዲሁ። ጣልያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገራችንን ይዞ በቆየበት ዘመን መንገዱና ካሚዮኑ ሲበዙ ቃሎቹም በዙ። ባለቤቱ በአርበኞች ክንድ ተባርሮ ሲሄድ ቃሉ ከእጅ ሙያው ጋራ ቀረ። የመኪናዎቹም ስም እንዲሁ ነው፤ ሽማግሌዎች የሚያነሡት ትሬንታ ኳትሮ ትርጓሜው ሠላሳ አራት ነው፤ ኋላም ፊያት የሠራውን ኤንትሬን ያላወቀ ሹፌር አልነበረም። ዛሬ በብዛት የሚታየው ከቻይና የመጣው ሲኖ ትራክ ነው፤ ጥገናው ግን እስከ ዛሬ በአሮጌዎቹ ቃሎች ይነገራል።

ረቡዕና ዓርብ ሲሆን ደግሞ የገበታው ነገር ሌላ መልክ ይይዛል። በሌላው ቀን ክርስቲያኑ የክርስቲያንን ሥጋ፥ እስላሙም የእስላምን ሥጋ ስለሚበላ፥ አንድ በረንዳ ላይ ተቀምጠው በሁለት ሳህን ይከፈላሉ። በጾም ቀን ግን ሽሮውና ምስሩ ማን ባረከኝ ብሎ አይጠይቅም። ስለዚህ በአንድ ትሪ ዙሪያ የሁሉም እጅ ይገናኛል፤ ጉርሻውም ከዚህ ወደዚያ ይመላለሳል። ከዚህ ገበታ ላይ የጭነት ሥራ በቃል ብቻ ይቀባበላል፤ ገንዘብ የጎደለበትም ሰው ብድር የሚጠይቀው በዚህ ሰዓት ነው።

የጨዋታው ቁም ነገር የሚመጣው ቡናው ሲቀርብ ነው። ባለ ካሚዮኖቹ በረንዳ ላይ ሲቀመጡ መኪናቸውና ሹፌራቸው ቆላ ናቸው። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋራ ጦርነት ሲነሣ የአሰብ መንገድ ተዘጋ፤ ከዚያ ወዲህ የአገሪቱ የወጪና የገቢ ዕቃ የሚበዛው በጅቡቲ በኩል ያልፋል። ምንም እንኳ በ2009 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲስ ባቡር ቢመረቅ፥ የካሚዮኑ ሥራ አልቀረም። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአዋሽ፥ በሚሌና በጋላፊ አድርጎ ጅቡቲ የሚገባው መንገድ 900 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ ከሆነ ደጋ እስከ ባሕር ዳርቻ ይወርዳል። በዚህ ቁልቁለት ምግቡም ይለዋወጣል። የደጋው እንጀራ በአፋር ሙቀት ስለማይቆይ፥ ሚስቲቱ ወይም እናቲቱ ድርቆሽ፥ ቋንጣ፥ በሶና ዳቦ ቆሎ ትሰንቃለች። ሎግያ ሲደርሱ የፍየል ጥብስ፥ ጅቡቲ ሲገቡ ሩዝና ዓሣ ይመጣል።

ባለቤቱ ታዲያ ስልኩን አንሥቶ በመጀመሪያ የሚጠይቀው «በላችሁ ወይ?» ብሎ ነው። በዚህች ጥያቄ ውስጥ ሁለት ነገር አለ። አንደኛው ርኅራኄ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ሒሳብ ነው። ለመንገድ የሚሰጠው አበል ከነዳጅና ከጎማ የተረፈ ገንዘብ ስለ ሆነ፥ ቆጥቦ መስጠት የሚወድ ባለቤት አለ። አበሉ ሲያንስ ሹፌሩ በቅድሚያ የሚቀንሰው የራሱን ምግብ አይደለም፤ የረዳቱን ነው። ረዳቱ ማለት ዘይትና ውሃ የሚያየው፥ ጎማ የሚፈታው፥ ዳገት ላይ ከጎማው ሥር ድንጋይ የሚያደርገው፥ ሌሊትም ጭነቱን ሲጠብቅ የሚያድረው ወጣት ነው። ዕድሜው በአንደኛ ወይም በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ካሉት ተማሪዎቻችን ብዙ አይርቅም። በመጨረሻ የሚበላውም እርሱ ነው።

ስለዚህ ጉዳይ በረንዳው ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወገን «እኛም በረዳትነት ተርበን ነው ያደግነው፤ መራብ ሙያ ያስተምራል» ይላል። ከረዳትነት ተነሥተው ባለ ሁለት መኪና የሆኑት ሽማግሌ ግን አይስማሙም። «እኔን ረኀብ ያስተማረኝ መስረቅን ነው» ይላሉ። «ናፍጣ ቀድቶ የሚሸጠው ማን ይመስላችኋል? ሳይበላ ያደረው ነው። ሌሊት ጭነቱን ትቶ እንቅልፍ የሚወስደውም እርሱ ነው። የሃያ ጎማ መኪና አምነህ ሰጥተኸው አንድ ሳህን ሽሮ ትነፍገዋለህ?»

የሽማግሌው ንግግር ለባለ ካሚዮን ብቻ የተነገረ አይደለም። ነገ በመሥሪያ ቤት ተላላኪ፥ በትምህርት ቤት ዘበኛ፥ በቤትም ሠራተኛ የምናዝዝ እኛም ልናስብበት ይገባል። አባቶቻችን ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ብለዋል። ይህ ተረት በጭነት መንገድ ላይ ሲፈተን እውነትነቱ ይበልጥ ይታያል፤ ምክንያቱም በጨለማ ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ እንቢ ቢል ድንጋዩን ይዞ የሚዘለው ያ በመጨረሻ የሚበላው ልጅ ነው።